ፓስተርን ከተነካሹ ወገን ሆኖ ማየት

«የሉዊ ፓስተር ታሪክ» የተባለውን የ1936 (እ.ኤ.አ.) ፊልም የሚያነሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን የሚጀምሩት ከፖል ሙኒ ነው። እውነት አላቸው። ፂሙን አሳድጎ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ንግግሩን ረጋ አድርጎ ሲገባ ተዋናዩ ጠፍቶ ሳይንቲስቱ ብቻ ይቀራል። የዓመቱን የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ያገኘው በዚሁ ሥራ ነው። ጸሐፊዎቹ ሸሪዳን ጊብኒና ፒየር ኮሊንግስም በታሪኩና በፊልም ጽሑፉ በሁለት ዘርፍ ተሸልመዋል። ዳይሬክተሩ ከጀርመን ወደ ሆሊውድ የመጣው ዊልያም ዲተርል ነበር፤ ከዚህ በኋላም ስለ ኤሚል ዞላና ስለ ዶክተር ኤርሊክ እንዲህ ያሉ የሕይወት ታሪክ ፊልሞችን ሠርቷል። እኔ ግን ፊልሙን ያየሁት ባቴ በፋሻ ታስሮ፣ የሆዴ ቆዳ በመርፌ አባብጦ ነው። ስለዚህ ዓይኔ ከሙኒ ይልቅ ያረፈው በአንዲት እናትና በተነከሰ ልጇ ላይ ነበር። እነሱ ግን ብዙም አይቆዩም፤ ገብተው ይወጣሉ።

ነገሩ የደረሰብኝ መስከረም እንደ ጠባ ነው። ያኔ ከቀበና ወንዝ ማዶ ከአክስቴ ጋር እኖር ነበር። ማለዳ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ከቆሻሻ ገንዳው ሥር ውሾች ይናከሳሉ። አንደኛው ተላቀቀና በአጠገቤ ሲያልፍ ባቴን ዘነጠለኝ። አልጮኸም፣ አላጉረመረመም፣ ዞር ብሎም አላየኝም፤ ቁልቁል ወደ ወንዙ ወርዶ ተሰወረ። ባለቤት እንዳለው የሚያውቅ አልተገኘም።

አክስቴን ከደሙ በላይ ያስደነገጣት የውሻው ዝምታ ነው። «ለሃጩን አይተኸዋል? ጭራው በእግሩ መሃል ነበር? ሲሄድ ይንገዳገዳል?» እያለች ታጣድፈኝ ጀመር። ግቢው ወዲያው በሰው ሞላ። አንዷ ሎሚና በርበሬ ካልተደረገበት አለች። አንዱ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ሥር የሚያውቁ መድኃኒተኛ ከከተማ ውጭ እንዳሉ፣ የአጎቱን ልጅ እንዳዳኑት መሐላ እየጨመረ ተናገረ። አክስቴ ከሁሉም በላይ የያዘችው አንድ ነገር ነበር፤ የተለከፈ ሰው መድኃኒቱን ሳይቀምስ ወንዝ መሻገር የለበትም። ከተሻገረ አለቀለት። ይህን ከእናቷ ሰምታለች፣ እናቷም ከእናታቸው።

ከእኛ በላይ ካለው ቤት ዕድሜያቸውን በላብራቶሪ ሥራ የጨረሱ ጡረተኛ ይኖራሉ። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ጩኸቱን ሰምተው በነጠላ ጫማ ወረዱና ባቴን ጎንበስ ብለው አይተው፣ «ሳሙና አምጡ! የልብስም ቢሆን፣ ሳሙና! ውኃ!» አሉ። ውኃ ግን አልነበረም። ቧንቧው ከሄደ ሰንብቷል፤ ሲከፍቱት የሚወጣው አየር ብቻ ነው። ያኔ ጎረቤቶቻችን ያደረጉትን አልረሳውም። ለቡና የተቀመጠው፣ ለሊጥ የተቀመጠው፣ ለሕፃን ገላ የተቀመጠው ውኃ በየጀሪካኑ መጣ። ስለ መድኃኒተኛው የነገረን ሰውዬ ራሱ ትልቁን ጀሪካን በትከሻው ተሸክሞ ነው የመጣው።

ጋሼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እግሬን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ሳሙናውን ቁስሉ ውስጥ ድረስ እያስገቡ ያጥቡታል፤ አረፋው ቀይ ሆኖ ይወርዳል፣ ሌላ ውኃ ይፈስበታል፣ እንደገና ሳሙና። ዓይናቸው ከእጅ ሰዓታቸው አይነቀልም። «ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አልለቅህም» አሉኝ። ስንገበገብ ትኩረቴን ለማስቀየር ይመስለኛል፣ እያጠቡ ያስረዱኝ ነበር። «ይሄ ነገር በደም አይሮጥም፤ ነርቭ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ቀስ እያለ። ከባት እስከ ጭንቅላት ሩቅ ነው፤ ቀድመነው እንገባለን። ቫይረሱ ላዩ ላይ ስብ አለው፣ ሳሙና ያንን ያፈርሰዋል። ገና እዚሁ ቁስሉ ላይ እያለ የምንገለውን ያህል እንግደል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አንብቤአለሁ፤ የጋሼን አባባል የሚያስተካክል ነገር አላገኘሁም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት የእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይገድላል። ከመቶው ዘጠና ዘጠኝ እጅ ወደ ሰው የሚደርሰው በውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ ሰውየው ውኃ ሲያይ ጉሮሮው መኮማተር ከጀመረ፣ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አሉ። ክትባት ከንክሻ በኋላ ተሰጥቶ የሚያድንበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ሰውነት ጠላቱን ለማወቅ ጊዜ ያገኛል። ፓስተርም የገባው በዚህች ክፍተት ነው።

ቁስሉ ታጥቦ ሲያበቃ የወንዙ ጉዳይ ተነሣ። መርፌው ያለው ጉለሌ፣ ሰዉ ዛሬም ፓስተር በሚለው ግቢ ነው። ድሮ የፓስተር ኢንስቲትዩት ነበር፤ አሁን የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ከእኛ ቤት ተነሥቶ እዚያ ለመድረስ ቀበናን መሻገር ግድ ነው። አክስቴ በሩ ላይ ቆመች። «አይወጋ አላልኩም ጋሼ፣ ከወንዝ ወዲህ ይወጋ» አለች። ጋሼ አልተቆጧትም፤ ይህን ሁልጊዜ አመሰግንላቸዋለሁ። «እህቴ፣ አብረሽን ነይ። የምታውቂውን ጸሎት ሁሉ ይዘሽ ነይ። መርፌውን ግን ዛሬ ይወጋ» አሏት። መጣች። ታክሲው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ነጠላዋን ከትከሻዋ ስባ ፊቴን ሸፈነችኝ። ውኃውን እንዳላየው ነው። ነጠላው እጣን እጣን ይላል፤ ከሥሩ ሆኜ የምሰማው የእሷን ጸሎት ብቻ ነበር።

ያኔ የሚሰጠው ክትባት የድሮው ዓይነት፣ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ነበር። የሚወጋው በሆድ ዙሪያ ነው፣ በየቀኑ፣ ለብዙ ቀን። ዛሬ በሕዋስ ላይ የሚመረተው ክትባት መጥቶ በክንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚወጋ ሆኗል። በአግዳሚው ላይ ከጎኔ አንዲት ከገጠር የመጣች እናት ስድስት ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። የተነከሰው ጉንጩ ላይ ነው። ጋሼ የልጁን ፊት አይተው ፀጥ አሉ። ከባት እስከ ጭንቅላት ሩቅ ነው ብለውኝ ነበር፤ ከጉንጭ ግን ቅርብ ነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ የሄደችው መድኃኒተኛ ጋ ነበር፤ እዚያ ቀን አልፎባታል። ስትናገር ማንንም አትወቅስም። ልጁ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነበር፤ «ነገም እዚያው ቦታ ላይ ነው የሚወጉኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ ጎን ላይ ነው አልኩት፣ ቦታው ይቀያየራል። ሸሚዙን ገልጦ ነገ የቱ ጋ እንደሚሆን በጣቱ እንዳሳየው ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እዚያው አግዳሚ ላይ እንገናኛለን፤ ሆዳችንን እያስተያየን። መርፌውን ጨርሰው ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ድረስ አንድም ቀን ሳይቀሩ መጥተዋል።

ፊልሙ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ጋሼ ተማሪ ሳሉ በነጭ ሸራ ላይ አይተውት ኖሯል፤ ወደ ላብራቶሪ የመራቸው እሱ እንደሆነ አይደብቁም። ሲዲውን ከየት እንዳገኙት አላውቅም። አንድ ማታ እኔንና አክስቴን ቤታቸው ጠርተው ከፈቱልን። አክስቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ ጋሼ እያንዳንዱን ንግግር ጮክ ብለው ወደ አማርኛ ይመልሱላታል። መብራት ጠፍቶ አቋረጠን፣ በማግሥቱ ቀጠልን፣ እንደገና ጠፋ። ዘጠና ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ቀናት ፈጀብን፤ በየመሃሉ ግን በሻማ ብርሃን የተከራከርነው ከፊልሙ አይተናነስም።

ፊልሙ የሚከፈተው በግድያ ነው። ሚስቱ ከወሊድ በኋላ በትኩሳት የሞተችበት ባል፣ በቆሸሸ እጅና መሣሪያ ያዋለዳትን ሐኪም ይገድለዋል። ፓስተር እጃችሁን ታጠቡ፣ መሣሪያችሁን ቀቅሉ የሚል ጽሑፍ ያሠራጫል፤ ሐኪሞች ያፌዙበታል፤ ናፖሊዮን ሳልሳዊ ያስጠሩትና ከፓሪስ ገለል ይላል። ከዚያ አባ ሰንጋ፣ በጎቹ፣ ቀጥሎ የእብድ ውሻ በሽታ። በየደረጃው የሚቆምበት ቻርቦኔ የሚባል የአካዳሚ ሐኪም አለ።

ቻርቦኔ በታሪክ የለም፤ የፊልም ጸሐፊዎቹ የፈጠሩት ሰው ነው። ስደቱም እንዲሁ። እውነተኛው ናፖሊዮን ሳልሳዊ ፓስተርን የሚያከብሩ፣ በ1865 ኮምፒዬን ቤተ መንግሥታቸው ጋብዘው ማይክሮስኮፑን ያስከፈቱ ነበሩ። እጅን መታጠብም ቢሆን በቪየና ሆስፒታል ኢግናዝ ዜመልቫይስ በ1847 ነው የጀመረው። ጸሐፊዎቹ ይህን ሁሉ ጠቅልለው ለአንድ ሰው አሸከሙት። ፓስተር በዚህ ጉዳይ ራሱ ያደረገው ነገር ግን ከፈጠራው ይበልጥ ደስ ይላል። በ1879 በሕክምና አካዳሚ አንድ ሰው ስለ ወላዶች ትኩሳት መንስኤ ሲናገር ፓስተር አቋርጦት ተነሣ፤ ሴቶቹን የሚገድለው በሐኪሙና በአስታማሚዎቹ እጅ ከታማሚዋ ወደ ጤነኛዋ የሚሄደው ተሕዋስ ነው አለና ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንደ ዶቃ የተያያዙ ክቦች ሣለ። «ይኸውላችሁ መልኩ» አላቸው። ይህ ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ አለመኖሩ ያንገበግበኛል።

ሆኖም ፊልሙ ውስጥ አንድ ፈጠራ አለ፣ እሱን አልቃወምም። የፓስተር ልጅ ምጥ ይይዛታል። የተገኘው ሐኪም ቻርቦኔ ብቻ ነው። ፓስተር እጅህን ታጠብ፣ መሣሪያህን ቀቅል ብሎ ይለምነዋል። ቻርቦኔ የሚስማማው ፓስተር በእብድ ውሻ በሽታ ላይ የደረሰበትን ሥራ የሚያስተባብል ወረቀት ከፈረመለት ነው። አክስቴ ገጠር ሳለች ጎረቤቶቿን አዋልዳለች፤ በእጇ ላይ የሞቱባትም አሉ። እዚህ ጋ ስትደርስ ከወንበሯ ተነሣች። «ፈርምለት! ወረቀት ነው፣ ፈርምለት!» አለች ለሙኒ። ሙኒም ፈረመ። ጋሼ መተርጎሙን ትተው ዝም አሉ፤ መተርጎም አላስፈለጋትም። ይህ ትዕይንት ፈጽሞ አልተደረገም። የፓስተር ልጅ ማሪ ሉዊዝ ያገባችው በፊልሙ እንዳለው ሐኪም ሳይሆን ጸሐፊውን ሬኔ ቫለሪ ራዶን ነው። ነገር ግን ፓስተር ልጆች መቅበር ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ዣን በ1859፣ ካሚል በ1865፣ ሴሲል በ1866 ሞተውበታል፤ ሁለቱን የወሰደው ታይፎይድ ነው። በ1868 ራሱ በስትሮክ ተመትቶ ግራ ጎኑ ደከመ። የጀርም ሥራውን አብዛኛውን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ያ የሐሰት ትዕይንት ከእውነተኛ ሐዘን የተቀዳ ሆኖ ይሰማኛል።

የእብድ ውሻውን ክፍል ግን ማለፍ አልችልም፤ በዚያ ሰሞን በየማለዳው እየተወጋሁ የማየው እሱን ነበርና። በፊልሙ ቻርቦኔ ፓስተርን ሊያሳፍር የበሽታውን ተሕዋስ በገዛ ክንዱ ይወጋዋል፤ አይታመምም። ፓስተር ከዚህ ተነሥቶ ተሕዋሱ በዕድሜ እንደሚደክም ይረዳል። ከዚያ ጆሴፍ ማይስተር የሚባለው ልጅ ከእናቱ ጋር ይመጣል፣ ይወጋል፣ ይድናል።

እውነተኛው ታሪክ ቻርቦኔን አያስፈልገውም። ፓስተርና ረዳቶቹ በበሽታው የሞተችን ጥንቸል ኅብለ ሰረሰር በጠርሙስ ውስጥ በደረቅ አየር ያንጠለጥሉታል። በየቀኑ እየደከመ ይሄዳል፤ ሁለት ሳምንት ያህል የቆየው ጨርሶ ኃይል ያጣል። ጆሴፍ ከአልዛስ ከእናቱ ጋር ፓሪስ የደረሰው ሐምሌ 6 ቀን 1885 ነው (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ውሻው ከሁለት ቀን በፊት ብዙ ቦታ ነክሶታል። ፓስተር የሕክምና ፈቃድ ስላልነበረው መርፌውን የያዘው ዶክተር ዣክ ግራንሼ ነው። በመጀመሪያ በጣም የደከመውን፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ጠንከር ያለውን፣ በመጨረሻ ገና ትኩስ የሆነውን ገዳይ፣ በድምሩ 13 ጊዜ፣ የሆዱን ቆዳ እያነሡ ወጉት። የወጉት እኔና ያ የገጠር ልጅ በምንወጋበት አካባቢ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት ፓስተር እንቅልፍ አጥቷል። ለልጁ ሊሰጠው የተዘጋጀው ነገር ጤነኛ ጥንቸልን የሚገድል ነበርና።

ይህን ሕክምና ጊዜው ገና ነው ብሎ ከተግባሩ የራቀው ማን መሰላችሁ? ኤሚል ሩ፤ የፓስተር ዋነኛ ረዳት፣ የዚያ የማድረቂያ ጠርሙስ ሐሳብ ባለቤት፣ ከማንም በላይ ሥራውን የሚያውቀው ሰው። ሩ በፊልሙ ታማኝ ረዳት ሆኖ ከጎን ይቆማል። የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ለእኔ ይህ ነው። ተቃውሞውን ሁሉ ለአንድ ግትር ሽማግሌ ሰጥቶ፣ ከዚያው ከላብራቶሪው ውስጥ የተነሣውን ቅን ጥርጣሬ ጣለው። ሩ ጠላት አልነበረም፤ ስለ ልጁ የፈራ ሰው ነበር። ፓስተርም ስለ ልጁ ፈርቷል። አንደኛው ፍርሃት መርፌውን ያዝ ይላል፣ ሌላው ወጋ ይላል። ሁለት ሰው እንዲህ በአንድ ልጅ አልጋ አጠገብ ሲለያይ ማየትን የመሰለ ድራማ ከየት ይመጣል?

እናቲቱም አለች። ልጇን ይዛ በማታውቀው አገር፣ ከዚያ በፊት በሰው ላይ በዚህ መንገድ አድኖ ያልታየ ነገር እንዲወጋ አሳልፋ ሰጠች። በፊልሙ ትመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ደስ ይላታል፤ በመሃል ያሉት ሌሊቶች የሉም። አክስቴ «የት አሳደሯት?» ብላ ጋሼን ጠየቀቻቸው። ጥያቄው ከብዙ የፊልም ሐያሲ ጽሑፍ ይበልጥብኛል።

በዚያው በ1885 ኅዳር ውስጥ ደግሞ ሉዊዝ ፔልቲዬ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ መጣች። ጭንቅላቷን ተነክሳለች፤ ፓስተር ዘንድ የደረሰችው ከንክሻው በ37ኛው ቀን ነው። እንደማይሆን እያወቀ ወላጆቿን እምቢ ማለት አልቻለም፤ ሞተች። በ1886 ከስሞሌንስክ በእብድ ተኩላ ተነክሰው የመጡት 19 ሩሲያውያን በፊልሙ አሉ፤ 16ቱ ዳኑ። ሉዊዝ ግን የለችም። ጋሼ ስለ እሷ ሲነግሩኝ በጉንጩ የተነከሰው ልጅ ትዝ አለኝ፤ ቀን እንዳለፈባቸው እናቱ የነገረችን ትዝ አለኝ።

ጆሴፍ ማይስተር አድጎ የፓስተር ኢንስቲትዩት በር ጠባቂ ሆኗል። ፊልሙ በ1936 ሲወጣ የስድሳ ዓመት ሰው ነበር፣ በሕይወት ነበር፣ እዚያው ፓሪስ በሩ ላይ። ሰኔ 1940 ጀርመኖች ከተማዋን ከያዙ ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሱን አጠፋ። የፓስተርን መቃብር ለወታደሮች አልከፍትም ብሎ ነው የሚለው ታሪክ ብዙ ቦታ ይተረካል፤ ያሳመናቸው ግን ጥቂት ናቸው። ቤተሰቦቹ ከከተማዋ ሸሽተው ነበር፤ ሞተዋል ብሎ ተስፋ ቆረጠ የሚለው ይበልጥ ይታመናል። ሆሊውድ ታሪኩን ሲሠራ ሄዶ የሚጠየቅ ሰው ነበር ማለት ነው። እንዴት ነበር ያ መርፌ? ሌሊት ምን ታስብ ነበር? እናትህ ምን ትልህ ነበር?

ፓስተር የሞተው መስከረም 28 ቀን 1895 ነው፤ በእኛ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግሥት። ዛሬ ያ ቀን የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ተብሎ ይታሰባል። የፊልሙን መጨረሻ ያየነው የመስቀል ሰሞን ነበር። ሙኒ በታላቁ አዳራሽ ቆሞ ለወጣት ሐኪሞች ይናገራል፤ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር ያመሰግነዋል። በ1892 በሶርቦን በ70ኛ ዓመቱ በዓል ሊስተር በእርግጥ ነበር፤ ፓስተር ግን ሲቃ ስለያዘው ንግግሩን ያነበበለት ልጁ ነው። ሙኒ በግርማ ይናገረዋል። እኔ ድምፁ የጠፋውን ፓስተር ማየት እመርጥ ነበር።

ይህን ስላቸው ጋሼ በጣም ነው የሚሟገቱኝ። ቻርቦኔ ባይኖር አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ተማሪ፣ ማለትም እሳቸው፣ ምኑን ይዞ ይወጣ ነበር ይላሉ። ልጅ ስለ ሩ ጥርጣሬ አይገባውም፤ እጅ አልታጠብም የሚል ሽማግሌ ግን ይገባዋል፣ ያናድደዋል፣ ላብራቶሪ ያስገባዋል። እኔ ደግሞ በዚያ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ልጅ ከማንም በላይ ነገሩ ገብቶት ነበር እላለሁ፤ ነገ የሚወጋበትን ቦታ በጣቱ ያውቅ ነበር፣ ቻርቦኔም አላስፈለገውም። አክስቴ በዚህ ክርክር ከማንኛችንም ጋር አልቆመችም። እሷ የምትፈልገው ፊልም የጆሴፍ እናት ፊልም ነው፤ ከአልዛስ ስትነሣ ጀምሮ፣ ስንቋን ምን እንደያዘች፣ ለልጁ በባቡር ላይ ምን እያለችው እንደመጣች፣ ፓሪስ ገብታ ማን ቤት እንዳሳደራት፣ በሩን ስታንኳኳ ማን እንደከፈተላት። ጋሼ እንዲህ ያለ ፊልም ካለ ፈልገው እንደሚያመጡላት ቃል ገብተውላታል፤ እስካሁን አላገኙም።